ነበርኩ

ያለ እሱ ምንም ነገር ተደርጎ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሠርግ ብትለው ነበር። ለቅሶ ብትለው ነበር። ሁለት ታክሲ ቢጋጭ እሱ ቆሞ የነበረው ልክ ማዶ ነው። አንተ ወሬህን ገና ሳታጋምስ "ነበርኩ እኮ!" ብሎ ከአፍህ ይነጥቅሃል። ከዚያ ወዲያ ያንተ ፋንታ ማዳመጥ ነው፤ ያውም የገዛ ወሬህን።

የእኛ ሰፈሩ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ብጠራው ይህን ስጽፍም አጠገቤ እንደነበሩ ከመናገር አይመለሱም። እሳቸው ሳይኖሩበት የአገራችን ኳስ አንድ ቀን አልተመታም። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ስታዲየም ነበሩ። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ሲያገባ ነበሩ። በተጨማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን ንጉሡ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲያስረክቡ ነበሩ። ከጎናቸው ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰውዬ በደስታ ባርኔጣውን ወርውሮ እስከ ዛሬ አላገኘውም።

ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ቀና ሳይሉ፣ ቡናውን እየቀዱ፣ "ያኔ ደብረ ማርቆስ የቄስ ትምህርት ቤት አልነበርክም እንዴ?" ይላሉ።

ጋሼ አይደነግጡም። "ጠዋት ተነስቼ መጥቼ ነው" ይላሉ።

የሚገርመው እሳቸው ብቻ አለመሆናቸው ነው። እኔ ብቻዬን የማውቃቸውን፣ በዚያች ቀን "ነበርን" የሚሉ ሰዎች ብሰበስብ፣ የስታዲየሙ ካታንጋና ሚስማር ተራ ሞልተው ጥላ ፎቅ ላይ ሰው ይንጠለጠላል። ደግሞ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የተሸነፍን ዕለት የነበረ ሰው የለም። "ያን ቀን የት ነበሩ ጋሼ?" ብትላቸው፣ ለቅሶ ላይ ነበሩ። እንዲያው ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ዘመድ የሚሞትባቸው ሰው ናቸው፤ በዚህ አያያዝ ዘር ማንዘራቸው ማለቅ ነበረበት።

ለሥራ ጉዳይ ብራዚል ልሄድ መሆኔን ሲሰሙ ጋሼ ቤቴ ድረስ መጡ። ማሊያ ላክልኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። አላሉም። "ማራካና ትሄዳለህ?" አሉኝ። እንጃ፣ ጊዜ ካገኘሁ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "እሱ ብቻ ነው የቀረብኝ" አሉ፤ ስለ ሌላው ስታዲየም ሁሉ ሲናገሩ ሰምቻቸው በማላውቀው ድምፅ። "ሂድና ቁምልኝ።"

እንዲህ ነው እንግዲህ የሰው "ነበርኩ" ተሸክሜ የተጓዝኩት።

የአገሬ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ አድርሶኝ፣ ከዚያ በሌላ አውሮፕላን ሪዮ ደ ጃኔሮ ገባሁ። የእጅ ሰዓቴን ሁልጊዜም በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምሞላው። ሆቴል ገብቼ ላስተካክለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ባይ፣ የእኔና የግድግዳው አንድ ነው። ቆመብኝ ብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ይሠራል። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። በአዲስ አበባና በሪዮ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ የሐበሻና የፈረንጅ አቆጣጠርም የሚለያዩት በ6 ነው። ሁለቱ ስድስቶች ተጣፍተው ቁጥሩ እኩል ይመጣል። በዚህ ሁሉ ውቅያኖስ ማዶ፣ ሰዓቱን ሳይነካ የሐበሻ ሰው ቀጠሮ የሚያከብርበት ከተማ መኖሩን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ጋሼ ደወሉ። "ስንት ሰዓት ነው እዚያ?"

"እርስዎ ጋ ስንት ነው?"

"ከምሽቱ 4።"

"እዚህም 4 ነው። ፀሐይ ግን አለ።"

ዝም አሉ። ቆይተው፣ "ሄድክ?" አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ማራካና ለመሄድ ብልሃት አያስፈልግም፤ የምድር ባቡሩ ስሙን የያዘ ጣቢያ አለው፣ ከጣቢያው በመሸጋገሪያ ድልድይ ተሻግሮ ደጁ ላይ መቆም ነው። ከሩቅ ሲያዩት ትልቅነቱ አይታወቅም፤ ዝርግ ነው፣ ጣሪያው እንደ ነጭ ጃንጥላ ተዘርግቶበታል። በመዝገብ ያለው ስሙ የጋዜጠኛው የማሪዮ ፊሊዮ ነው። ሰውዬው በጋዜጣው ሲወተውት ኖሮ ነው ስታዲየሙ እዚህ ቦታ የተሠራው። በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሞት ስታዲየሙን በስሙ ሰየሙት፤ ሪዮ ውስጥ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ቢገጥምም ዘመኑ አልገጠመም።)

ደጁ ላይ የነሐስ ሰው ቆሟል። ቤሊኒ ነው፤ በ1958 ብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ስትወስድ አምበሏ የነበረው። ዋንጫውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል። ዛሬ ዋንጫ ያገኘ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ የዚያን ቀን ግን ቤሊኒ ያነሳው ከኋላ የቆሙ ፎቶ አንሺዎች አልታየንም ብለው ስለጮኹበት ነው። ሐውልቱ መልኩ ቤሊኒን እንደማይመስል የሪዮ ሰው ሁሉ ይስማማል። እንዲያም ሆኖ ጓደኛሞች የሚቀጣጠሩት እሱ ሥር ነው። ባይመስልም ቆሟል፤ መቆሙ ይበቃል።

ዕለቱ ጨዋታ ያልነበረበት ቀን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከአራቱም የዓለም ማዕዘን የመጣ ሰው ኳስ የሌለበት ሜዳ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ተሰልፏል። ከፊቴ አባትና ልጅ ጃፓኖች፣ ከኋላዬ ሰማያዊና ነጭ ማሊያ የለበሰ አርጀንቲናዊ። ሁላችንም የመጣነው ላንድ ነገር ነው፤ ኋላ አገራችን ገብተን "ነበርን" እንድንል።

አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ናት። መልበሻ ቤቱን አሳየችን፤ ማሊያዎች ተሰቅለዋል፣ ሁሉም ከማሊያው ሥር ቁጭ ብሎ ፎቶ ተነሳ። የጋዜጣዊ መግለጫ ክፍሉን አሳየችን፤ ሁሉም ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብሎ አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ በዋሻው ወደ ሜዳው አወጣችን። ሣሩ ጠርዝ ላይ ገመድ አለ፤ ማለፍ ክልክል ነው። አርጀንቲናዊው የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ አለ። ጫማው ክር የለውም። በሁለት ጣቱ አንድ ቅጠል ሣር ነጭቶ ፓስፖርቱ ውስጥ፣ የመግቢያ ማህተሙ ያለበት ገጽ ላይ ሸጎጠ። ዘበኛው አየው፤ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ማሊያውን አየና ተወው። የአርጀንቲና ሰው ከማራካና ይዞ የሄደው ይብዛበት ያለ መሰለኝ፤ በ2014 ከዚሁ ሜዳ በጎትዘ የ113ኛ ደቂቃ ጎል ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት።

ልጅቱ ታሪኩን ጀመረች። ግንባታው በ1948 ተጀመረ፤ በሰኔ 1950 ተመረቀ፤ የዓለም ዋንጫው ሲደርስ ገና አላለቀም ነበር፤ ሥራው ተጠናቀቀ የተባለው በ1965 ነው። እዚህ ላይ ጎብኚው በሙሉ ሳቀ። እኔ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ምረቃ ሌላ፣ ማለቅ ሌላ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አያቴ ነበር" አለች።

ጆሮዬ ቆመ። ጋሼ እዚህም አሉ ማለት ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1950 ብራዚል ከኡራጓይ የዓለም ዋንጫውን የሚወስነውን ጨዋታ አደረጉ። ያን ጊዜ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም፤ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው ነጥብ ይቆጠር ነበር፣ ለብራዚል አቻ ይበቃታል። ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው 173,850 ነው፤ ሳይቆርጥ የገባው ተጨምሮ 200,000 ይጠጋል ይባላል። ከሪዮ ሕዝብ አንድ አሥረኛው ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ የሪዮ ሰው "አያቴ ነበር" ቢልህ ማመን ግድ ይልሃል፤ ካልነበረም ጎረቤቱ ነበር።

ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ይህን ነው። ጨዋታው ሳይጀመር የከተማው ከንቲባ በድምፅ ማጉያ ተጫዋቾቹን የዓለም ሻምፒዮኖች ብሎ እንኳን ደስ አላችሁ አላቸው። ጠዋት የወጣ አንድ ጋዜጣ ፎቷቸውን አትሞ እነዚህ ናቸው ሻምፒዮኖቹ ብሎ ነበር፤ የኡራጓዩ አምበል ኦብዱሊዮ ቫሬላ ጋዜጣውን ገዝቶ ሽንት ቤት ወለል ላይ እንዳነጠፈውና ጓደኞቹን ኑ ሽኑበት እንዳላቸው ይተረታል። የድል ዜማ ተዘጋጅቷል። ከእረፍት መልስ የብራዚሉ ፍሪያሳ አገባ። አገር ቀለጠ።

ቀጥሎ በ66ኛው ደቂቃ ጊጂያ የሚባል ቀጭን የኡራጓይ ልጅ በቀኝ መስመር በረረና አሻገረ፤ ስኪያፊኖ አስቆጠረ። 1 ለ 1። ይሁን፤ አቻም ይበቃል።

ይሄኔ ነው ዡል ሪሜ የተነሱት። የፊፋ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ዋንጫው ያን ጊዜ በስማቸው ይጠራ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ለብራዚል የተጻፈ የእንኳን ደስ አላችሁ ንግግር አለ። ቀስ ብለው ዋንጫውን ሊሰጡ ከላይ ወደ ሜዳው መውረድ ጀመሩ። ሲወርዱ ጩኸቱ እንደ ማዕበል ነው። ሜዳው ላይ ሲወጡ ስታዲየሙ ጭጭ ብሏል። እሳቸው መንገድ ላይ እያሉ፣ በ79ኛው ደቂቃ፣ ጊጂያ እንደገና በዚያው በቀኝ መስመር መጥቶ ነበር። የብራዚሉ ግብ ጠባቂ ባርቦዛ እንደ ቅድሙ ሊያሻግር ነው ብሎ አንድ እርምጃ ወደ መሐል ወጣ። ጊጂያ አላሻገረም፤ በባርቦዛና በጎሉ ቋሚ መካከል በተከፈተችው ክፍተት ልኮ አገባ።

እንግዲህ ሁለት መቶ ሺህ ሰው በነበረበት፣ የሪዮ አያት ሁሉ በነበረበት ቀን፣ የዋንጫው ባለቤት አልነበሩም። ደረጃ ላይ ነበሩ። ንግግሩ ኪስ ውስጥ ቀረ፤ ሪሜ በግርግሩ መሐል እየተገፈተሩ ቫሬላን ፈልገው ዋንጫውን በእጁ አስጨበጡትና ሄዱ።

ልጅቱ ይህን ስትተርክ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ቀን እናቷም ገና አልተወለዱም ነበር። አልጠየቅኋትም፤ ግን የሷን አያት ከጋሼ ጋር ማወዳደሬ አልቀረም። ጋሼ የነበሩት ድል ላይ ነው። እሱ የነበረው ውርደት ላይ ነው፤ እሱንም ለልጁ፣ ለልጅ ልጁ አውርሶ፣ ይኸው ልጅቷ ደሞዝ ትበላበታለች። አምስት የዓለም ዋንጫ ያለው ሕዝብ ቱሪስት ሰብስቦ የሚተርከው የተሸነፈበትን ከሰዓት በኋላ ነው! እኛ ዘንድ ቢሆን ያ ቀን ከነአካቴው ከሳምንቱ ቀኖች ይሰረዝ ነበር።

የዚያን ቀን በእርግጥ ከነበሩት አንዱ ለጥበቃ የተመደበ የ18 ዓመት ወታደር ነው። ማሪዮ ዛጋሎ ይባላል። ሰዉ ሲያለቅስ ቆሞ አይቷል። ኋላ በ1958 እና በ1962 በተጫዋችነት፣ በ1970 በአሰልጣኝነት፣ በ1994 በረዳትነት የዓለም ዋንጫ ወሰደ። የ9 ዓመቱ ፔሌ ደግሞ ስታዲየሙ ውስጥ አልነበረም፤ ሬዲዮ አጠገብ አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ፣ አይዞህ እኔ አመጣልሃለሁ አላቸው። አመጣላቸውም። ጋሼ ይህን ብነግራቸው "በሬዲዮም እኮ መኖር ይቻላል" እንደሚሉ አውቃለሁ።

ባርቦዛ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ነበርኩ በሚልበት ቀን፣ ምነው ባልነበርኩ ያለ ሰው ቢኖር እሱ ነው። በዘመኑ ምርጥ ከሚባሉት ግብ ጠባቂዎች አንዱ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ከአሥራ አንዱ ተጫዋች፣ ከአሰልጣኙ፣ ከከንቲባውና ከጋዜጣው ሁሉ ተመርጦ ጥፋቱ በእሱ ላይ ወደቀ። ጥቁር መሆኑም አልረዳውም። ዕድሜውን ሙሉ በመንገድ ሲያልፍ ጣት ተቀሰረበት። በብራዚል ለነፍሰ ገዳይ እንኳ ከፍተኛው ቅጣት 30 ዓመት ነው፤ እኔ ግን 50 ዓመት እየተቀጣሁ ነው ይል ነበር። በ2000 ሞተ። ስታዲየሙ የጎል ቋሚዎቹን ሲቀይር የድሮዎቹን የእንጨት ቋሚዎች ሰጡት፣ እሱም ቤቱ ወስዶ ማገዶ አድርጎ ሥጋ ጠበሰባቸው የሚል ወሬ አለ። ወሬ ይሁን እውነት እንጃ፤ እኔ ግን እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል። ጎረቤት ጠርቶ ከሆነ ደግሞ፣ ስንት ሰው "የዚያን ጥብስ ዕለት ነበርኩ" እንደሚል መገመት ነው።

ማሊያውም አልተረፈም። ያን ቀን ነጭ ነበር የለበሱት፤ ነጩ ገደ ቢስ ተባለ። በ1953 አንድ ጋዜጣ የማሊያ ንድፍ ውድድር አወጣ፤ አሸናፊው አልዲር ሽሌ የሚባል ከኡራጓይ ድንበር የመጣ ወጣት ሆነ። ዛሬ መርካቶ በየሱቁ የተሰቀለውን ቢጫ ማሊያ የነደፈው እሱ ነው። ልጁ በልቡ የኡራጓይ ደጋፊ ነበር።

ወደ መውጫው አካባቢ የታላላቅ ተጫዋቾች የእግር አሻራ ተቀምጧል። ሰዉ ጫማውን አውልቆ መለካት ነው ሥራው። የፔሌ አለ፤ በ1969 በዚሁ ሜዳ አንድ ሺኛ ጎሉን በፍጹም ቅጣት ምት አግብቷል። እዚህ ሜዳ ከሁሉ ይበልጥ ያገባው ግን የፍላሜንጎው ዚኮ ነው፤ ከ330 በላይ። በ2018 ማርታ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገብታለች። እኔን ያቆመኝ ሌላ ነው። በ2009 ጊጂያን ከኡራጓይ ጠርተው፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ በክብር እግሩን አሳትመውታል። አገሩን ያስለቀሰ ሰው እግር! ማራካናን ጭጭ ያሰኘነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ፖፑ፣ ፍራንክ ሲናትራና እኔ፣ ብሎ የቀለደው እሱ ነው። አሟሟቱም ቀልድ ይመስላል፤ በ2015፣ በዚያው በሐምሌ 16፣ ልክ ጨዋታው 65ኛ ዓመቱን በደፈነበት ቀን አረፈ።

አሁን ያለው ስታዲየም በእውነቱ ያ ስታዲየም አይደለም። ለ2014ቱ ዋንጫ አፍርሰው ነው የሠሩት፤ ቅርፊቱ ቀርቶ ውስጡ አዲስ ነው፣ ወደ 78,000 ሰው ይይዛል። በጣም ያሳዘነኝ ዤራል የሚሉት ቦታ መጥፋቱ ነው። ከሜዳው ጥግ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቆመው የሚያዩበት፣ የድሃ ቦታ ነበር። ከዚያ ሆኖ ኳሱ አይታይም፤ የተጫዋች እግር ብቻ ነው የሚታየው ይላሉ። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ጥርሱ የወለቀ፣ ቀሚስ የለበሰ ጎረምሳ፣ ጳጳስ መስሎ የመጣ ሁሉ ይሰበሰብበት ነበር። በ1963 የሪዮዎቹ ክለቦች ፍላሜንጎና ፍሉሚኔንሴ ሲጋጠሙ ከ194,000 በላይ ሰው ገብቷል፤ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ዤራልን በ2005 ዘጉት፤ ወንበር ተተከለበት። ሚስማር ተራ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከአጥሩ ሥር የቆመ ተመልካች ጨዋታውን አያይም፤ ዳኛው ግን እሱን ይሰማዋል።

የሚያስቀው ደግሞ ይህን ሁሉ ቢሊዮን አፍስሰው ባሳመሩት ቤት፣ በ2014ቱ ዋንጫ ብራዚል አንድም ጨዋታ አለመጫወቷ ነው። ዕጣው ማራካና የሚያደርሳቸው ለፍጻሜ ካለፉ ብቻ ነበር። ቤሎ ኦሪዞንቴ ላይ በጀርመን 7 ለ 1 ተቀጥቅጠው ቀሩ። በራሳቸው ድግስ አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ በኦሊምፒኩ እዚሁ ጀርመንን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ትንሽ ተጽናኑ። ኦሊምፒኩ እንዳለቀ ደግሞ ስታዲየሙን ማን ይረከብ በሚል ጭቅጭቅ ተነስቶ፣ ሣሩ ደርቆ፣ የመብራት ሒሳብ ሳይከፈል ቀርቶ፣ በ2017 መጀመሪያ ማራካና መብራት ተቆረጠበት። ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየሙን እንደ ዘመድ አየሁት።

ሥራዬን ጨረስኩ፤ ለጋሼ ቆሜላቸዋለሁ፤ ፎቶም ልኬያለሁ። "ሰዉስ?" ብለው ጻፉልኝ። ዛሬ ጨዋታ የለም አልኳቸው። "ባዶውን ነው የቆምክልኝ?" አሉ።

ተናደድኩ። ማራካናን ትቼ ከዚያው ጣቢያ በከተማው ባቡር ወደ ኤንዤኖ ዴ ዴንትሮ ተሳፈርኩ። እዚያ የቦታፎጎ ክለብ የሚጫወትበት ስታዲየም አለ። አንድም ቱሪስት ወደዚያ ሲሄድ አላየሁም። የሐበሻ ታሪክ ያለው ግን እዚያ ነው። በነሐሴ 12 ቀን 2016 አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ፣ ከ1993 ጀምሮ ማንም ያልደረሰበትን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን ሪኮርድ በ14 ሰከንድ ያህል የሰበረችው እዚያ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ ሦስተኛ ወጥታ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችውም በዚያው ሩጫ ነው። በቴሌቪዥን ስናየው ስታዲየሙ ብዙ መቀመጫ ባዶ ነበር። ሁላችንም አዲስ አበባ ሆነን ነበርን፤ እዚያ የነበረው ጥቂት ሰው ነው።

በሩ ተዘግቷል። የክብሪት ቀፎ በምታህል ጎጆ ውስጥ ሁለት ዘበኞች ቡና ይጠጣሉ፤ ስኳሩ የበዛ፣ በትንሽ የላስቲክ ስኒ። አስጎብኚ የለም፣ ትኬት የለም አሉኝ። በስልኬ አስተርጓሚ ከየትና ለምን እንደመጣሁ ጻፍኩላቸው። ትልቁ ዘበኛ አነበበውና ስኒውን አስቀመጠ።

"ኢትዮጵያዊቷ! ቀጭኗ! ነበርኩ እኮ!"

የምር ነው የምላችሁ፤ ቃሉን ስልኬ እንዲህ ብሎ ነው ያመጣው።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ማታ ነው። መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ ስታዲየሙ ሞልቶ፣ እኔ ያኔ ትራኩ ጠርዝ ነበር የምቆመው፤ ስታልፍ ነፋሷ ይመታኝ ነበር።"

ወጣቱ ከጎጆው ወጣ። "ምን ማታ! ጠዋት ነው። እኔ ነኝ የነበርኩት። ስታዲየሙ ባዶ ነበር።"

"አንተ ያኔ ሱፐርማርኬት ነበር የምትሠራው።"

"በእረፍቴ ቀን መጥቼ ነው።"

ጭቅጭቁ ከስልኬ ፍጥነት በላይ ሆነ። ባቡሬ መጥቶ ሄደ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ባለቤቱ አንተ ነህ፣ ሰዓቱን ተናገር ብለው ዳኝነቱን ሰጡኝ።

"11 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው" አልኳቸው። "በእናንተ ረፋድ ነው። በእኛ ሊመሽ ሲል ነው።"

ስልኬ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ሁለቱም እኩል "አየህ!" ተባባሉ፤ ወዲያው ደግሞ ስንተኛው ዙር ላይ ነው ኬንያዊቷን ጥላት የሄደችው በሚለው ላይ እንደ አዲስ ጀመሩ።